«እህትማማች ፕሮጀክቶች» ስትሉ አታፍሩም?

ፓች ናፋቂ፦ ስለ ሁለቱ ነፃ የቢሮ ሶፍትዌሮች «ሊብሬኦፊስና ኦፕንኦፊስ እህትማማች ናቸው፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ የሚደባበቁት ነገር የለም» የሚል አነበብኩ። እህትማማች! ታዲያ የሊብሬኦፊስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2020 «ለተጠቃሚዎቻችሁ መኖራችንን ንገሯቸው» ብለው ለኦፕንኦፊስ ግልጽ ደብዳቤ የጻፉት ለምንድን ነው? እህት ለእህቷ በአደባባይ ደብዳቤ ትጽፋለች?

የድሮ ተርሚናል፦ «እህትማማች» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በጎን አትውጋኝ። ደብዳቤው ደግሞ «ደንበኞችህን ወደ እኔ ላክ» ነው የሚለው። አንተ ብትሆን ትልካለህ?

ሰነፍ ኮምፓይለር፦ ደንበኛ?? ነፃ ሶፍትዌር ላይ?

ፓች ናፋቂ፦ 😂 ቃሉ አመለጠው። ኦፕንኦፊስ 4.1 የወጣው በ2014 ነው። ከዚያ ወዲህ 4.1.ምናምን ብቻ። ስሙ እዚያ፣ ሥራው እዚህ። አዲስ ሰው የሚያወርደው የሰማውን ስም ነው፣ ይህን ማን ይንገረው?

የድሮ ተርሚናል፦ እህትነቱን ካነሳህ የኮዱን የአጠቃቀም ፈቃድም (ላይሰንሱን) አንሳው። ሊብሬኦፊስ ኦፕንኦፊስን ከያዘው ድርጅት ከአፓቺ ኮድ እንዳሻው ይወስዳል። የራሱ ግን ጠበቅ ባሉት በሞዚላ ፈቃድና በኤልጂፒኤል ስለሆነ ወደዚያ አይገባም። ትወስዳላችሁ፣ አትመልሱም። ከዚያ ስለ እህትነት ስብከት!

ፓች ናፋቂ፦ «አትመልሱም»? ጸሐፊው ራሱ በአፓቺ ፈቃድም ልስጥ ካለ ማን ይከለክለዋል? ደግሞ የኦፕንኦፊስ ባለቤት የነበረው ኩባንያ ኦራክል በ2011 ኮዱን ለአፓቺ ሲሰጥ ሊብሬኦፊስ ተገንጥሎ ዓመት ሊሞላው ነበር። አፓቺዎች ፈቃዱ እንደማይገጥም እያወቁ ነው የገቡበት።

የድሮ ተርሚናል፦ «ማን ይከለክለዋል» አይደለም ጥያቄው። ስንቱ ሰጠ?

ሰነፍ ኮምፓይለር፦ ፈቃዱን ተዉትና የደህንነት ቀዳዳውን አውሩ። በ2016 የኦፕንኦፊስ አንዱ ቀዳዳ ጁላይ ላይ ይፋ ሆነ፣ የተስተካከለው 4.1.3 የወጣው ኦክቶበር ላይ። ሦስት ወር!

የድሮ ተርሚናል፦ ግማሹን ብቻ አታውራ። ኦገስት ላይ ለብቻው ፓች (ቀዳዳ መድፈኛ ማስተካከያ) ወጥቷል።

ሰነፍ ኮምፓይለር፦ አዎ፣ ፋይሉን በእጅህ የምትተካበት። እናቴ ትተካዋለች አይደል?

ባዶ ፖይንተር፦ ኧረ ሌላውን ቤትም እዩ። በጁን 2014 የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ቀዳዳዎቹን ይፋ ሳያደርግ ለዲስትሮዎች (የሊኑክስ ዓይነቶችን ለሚያዘጋጁት) አስቀድሞ ሹክ ሲል፣ ከእሱ የተገነጠሉት ሊብሬኤስኤስኤሎች ከሰው እኩል ነው የሰሙት። ያውም ያንኑ ኮድ ተሸክመው።

ሰነፍ ኮምፓይለር፦ ሹክታው የሚደርሰው የዝግ ዝርዝሩ አባል ለሆነ ነዋ። ሊብሬኤስኤስኤልን የሚሠሩት ኦፕንቢኤስዲዎች አባል አልነበሩም። ሲነገራቸውስ? በ2017 ክራክ በተባለው የዋይፋይ ቀዳዳ ጊዜ ይፋ የሚሆንበት ቀን ሳይደርስ ፓቹን ለቀቁት። ቀዳዳውን ያገኘው ተመራማሪ «ከእንግዲህ ዘግይቼ ነው የምነግራቸው» አለ።

ባዶ ፖይንተር፦ ራሱ እሺ ብሏቸው ነው የለቀቁት! ይህንን ለምን ትውጠዋለህ?

ሰነፍ ኮምፓይለር፦ እሺታውም ቅር እያለው ነበር። አንተስ ይህን ለምን ትውጠዋለህ?

ባዶ ፖይንተር፦ ቅር አለውም አላለውም እሺ ብሏል። ፓቹ ተዘጋጅቶ ተጠቃሚው ሳምንታት ተጋልጦ ይቀመጥ ነው የምትለው?

ሰነፍ ኮምፓይለር፦ የሌላው ሁሉ ተጠቃሚስ? ፓቹን አይቶ ቀዳዳውን የሚያገኝ አጥቂ ጠፋ?

ፓች ናፋቂ፦ ወገኖች፣ ስለ ዋይፋይ አይደለም የጀመርኩት። ተርሚናል፣ «እህትማማች» ያልካትን ታነሳታለህ?

የድሮ ተርሚናል፦ አላነሳም። እህትማማቾች በውርስ ሲካሰሱ አይተህ አታውቅም?

ፓች ናፋቂ፦ አሁን «ውርስ» ሆነ። ቅድም «ደንበኛ» ነበር።