የእማዬ ስኳር 48 ገባ፣ እባካችሁ ድረሱልኝ

የከዚራ ልጅ፦
ቶሎ መልሱልኝ! እማዬ ኪኒኗን ውጣ ላብ በላብ ሆናለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ወሬዋም አይያያዝም። በማሽን ስለካት 48 አለ። ስኳር በሽተኛ ሆና እንዴት ስኳር ልስጣት? ፈራሁ።

ሲስተር ከሳቢያን፦
ስጫት፣ አሁኑኑ! መዋጥ ከቻለች ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጫት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪ፤ 70 ካልደረሰ ድገሚላት። ራሷን ከሳተች ግን አፏ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሪ፣ ትን ይላታል፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ኪኒኑ የትኛው ነው?

አባ ገንደ ቆሬ፦
አቦ፣ ተይ! በዚህ የድሬ ሙቀት የማያልበው ማን አለ? ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል። ወንድሜን እንዲሁ ሲያልበው ስኳሩ 400 ሆኖ ነው የተገኘው። ሽፈራው አፍልታችሁ ስጧት፣ ኪኒኑንም ጣሉት።

ሲስተር ከሳቢያን፦
ጋሼ፣ ሽፈራው ስኳር ያወርዳል ተብሎ አይደል የሚጠጣው? የወረደውን ልናወርደው ነው? ማሽኑ ቢሳሳት እንኳ ለአንድ ሰዓት ከፍ ብሎ ቢቆይ ያን ያህል አይጎዳትም። የወረደ ስኳር ግን አንጎል ይጎዳል።

ሸዋ በር፦
ለስላሳ ስጫት እህቴ፣ ግማሽ ጠርሙስ። እናቴን ያዳናት እሱ ነው። ስኳር የሌለበትን ዓይነት እንዳትገዢ ብቻ፣ እኔ በድንጋጤ እሱን ገዝቼ ነበር።

የከዚራ ልጅ፦
ስኳሩን ጠጣች፣ 83 ገባ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኪኒኑ ዳዎኒል ነው፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ። ዛሬ ቁርስ አልበላችም፣ ቡና ብቻ ነው የጠጣችው። ሌላ የስኳር ኪኒን፣ ሜትፎርሚንም አላት። አሁን ደክሟታል፣ ትተኛ?

መምህር ከሐረር፦
ዳዎኒል የሚባለው ግሊቤንክላማይድ ነው፣ ወገኑ ሰልፎኒልዩሪያ፣ ከሰልፋ መድኃኒት የተገኘ የስኳር ኪኒን ዓይነት። አመጣጡ ይገርማል። በ1942 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በፈረንሳይ ሞንፔልዬ ከተማ ዶክተር ዣንቦን የታይፎይድ በሽተኞችን በአዲስ የሰልፋ መድኃኒት ሲያክሙ ሕመምተኞቹ ስኳራቸው እየወረደ ተቸገሩ። ሉባቲዬር የተባሉት የሙያ ባልደረባቸው ምክንያቱን ሲመረምሩ መድኃኒቱ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲለቅ እንደሚያስገድደው ደረሱበት። በቆሽት ሴሎች ላይ ያለውን የፖታሲየም በር ይዘጋል፤ በሩ ሲዘጋ ካልሲየም ይገባል፣ ኢንሱሊን ይለቀቃል። ሰውየው ይብላ አይብላ ኪኒኑ አይጠይቅም፣ መዘዙም እዚያ ላይ ነው። ሜትፎርሚን ግን ቆሽትን ስለማይገፋ ብቻውን ሲወሰድ ስኳር ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። እና ልጄ፣ እናትሽ ሰሞኑን የሰልፋ መድኃኒት አልወሰደችም?

የከዚራ ልጅ፦
ባክትሪም! ለሽንት ማቃጠል ከማክሰኞ ጀምሮ እየወሰደች ነው። የሸጠልን ሰው ሌላ ምን እንደምትወስድ አልጠየቀንም፣ እኛም አልነገርነውም። 67 ዓመቷ ነው፣ ባለፈው ደግሞ ኩላሊቷ ትንሽ ደክሟል ተብላ ነበር።

ሲስተር ከሳቢያን፦
ይሄንን ቀድመሽ ብትነግሪኝ! እንዳትተኛ፣ ቀስቅሻት። 83 አያታልልሽ። ባክትሪም የዳዎኒልን ኃይል ይጨምራል፤ የደከመ ኩላሊት ደግሞ መድኃኒቱን ቶሎ አያስወጣም። ዳዎኒል እስከ 24 ሰዓት ሊሠራ ስለሚችል ስኳሯ ተመልሶ ይወርዳል፣ ሌሊት ተኝታ ሳለች ከሆነ ደግሞ ማንም አያይም። ዳቦ በሻይ ወይም እንጀራ አሁን ትብላ፣ የማታውን ዳዎኒል እንዳትወስድ፣ ከዚያ ሁለቱንም መድኃኒት ከነማሸጊያቸው ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። «ዳዎኒል ከባክትሪም ጋር፣ ኩላሊትም አለባት» በያቸው። አድረው ስኳሯን እየለኩ ሊያቆዩአት ይችላሉ፣ «ተሽሏታል» ብላችሁ አትመልሷት።

አባ ገንደ ቆሬ፦
ልጄ፣ ሲስተርን ስሚ። ሽፈራውን ተዪው።

ሸዋ በር፦
ስኳር ያለበት ለስላሳ በቦርሳ ያዙ፣ መንገድ ላይ ሊወርድ ይችላል።

ባጃጅ ድሬ፦
አሸዋ ነኝ፣ ባዶዬን ነኝ። ከዚራ የት ጋ ናችሁ? ሂሳብ አልቀበልም፣ ሰፈሩን ብቻ ንገሪኝ።

ሲስተር ከሳቢያን፦
እህቴ፣ መልሰሽ ለካሻት? ስንት ገባ?

ባጃጅ ድሬ፦
ከዚራ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቆሜያለሁ።