የማኅበራችን የዕቅድ ውይይት፦ ለመላው ኢትዮጵያ ጨዋታዎች የልጆች ዝግጅት

ጸሐፊው፦ ረቂቁ ይኸው። ከደሴና ከኮምቦልቻ 20 ልጆች መርጠን ለሁለት ወር ቅዳሜና እሁድ እናሠራቸዋለን። ከዚያ ወደ ክልሉ ምርጫ። በጨዋታዎቹ የሚወዳደሩት ክልሎችና ሁለቱ የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ልጆቻችን አማራ ክልል ቡድን ውስጥ ካልገቡ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ነው የሚያዩት። በ2017 ጨዋታው ጅማ ሲካሄድ የተቆጨነው ይበቃል። መዋጮ በአባል 1,000 ብር።

አሰልጣኙ፦ የረጅም ርቀቶቹ ደሴ ይሥሩ፤ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ አለን። የአጭር ርቀትና የዝላይ ልጆች ኮምቦልቻ ይውረዱ። 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቱ ሰውነት ቶሎ ያፍታታል። ከብሩ መጀመሪያ ጫማ ይገዛ። 800 የምትሮጠዋ ልጅ ባለፈው እሁድ ሆጤ ሜዳ የመጣችው የግራ ጫማዋን በማዳበሪያ ክር ሰፍታ ነው። ሶሉ ከፊት አፉን ከፍቷል። በዚያ ጫማ ኩርባ ላይ መውደቋ አይቀርም።

ገንዘብ ያዥዋ፦ ጫማው ይሁን። ግን ረቂቁ ላይ ጀርባቸው ላይ «ደሴ» የሚል 20 ቱታ አለ። ማን ወሰነው?

የሸዋ በሩ (የደሴ ሰፈር ልጅ)፦ ምን ሊል ኖሯል? ማኅበሩ የተመሠረተው ደሴ ነው።

ኮምቦልቻዋ፦ ግማሹን መዋጮ እኛ ከፍለን ልጆቻችን «ደሴ» ለብሰው ይሩጡ? አይሆንም! የዋንጫውንም ነገር አልረሳንም።

የሸዋ በሩ፦ ዋንጫውን አታንሺ። መልሰናል።

ኮምቦልቻዋ፦ እጀታው ተሰብሮ!

የቦርከናው፦ «ወሎ» ይበልና እንገላገል።

የሸዋ በሩ፦ ወሎ ካላችሁማ የሐይቅና የወልድያ ልጅ ለምን አልተጠራም ይባላል። እግር ኳሱ እንኳ ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ እየተባለ በየስሙ ነው የሚጫወተው።

ቴኳንዶ፦ አትሌቲክስ ብቻ ነው እንዴ? እኛስ?

የቦርከናው፦ እሺ፣ አንዱ ደረት ላይ፣ አንዱ ጀርባ ላይ።

ኮምቦልቻዋ፦ ደረቱ የማን ነው?

የሸዋ በሩ፦ የደሴ ነዋ!

ኮምቦልቻዋ፦ እንግዲያው ብቻችሁን ሥሩ። ብራችንን መልሱ።

አሰልጣኙ፦ ኧረ ተዉ! ከተመረጡ የሚለብሱት የክልሉን መለያ ነው። የእኛን ቱታ ማን ያየዋል? ለልጆቹ አስቡ እንጂ።

ጋሽዬ፦ የሸዋ በሩ፣ እህትህን ይቅርታ ጠይቅ። ደሴና ኮምቦልቻ በለቅሶም በሠርግም አንድ ነው። በቱታ አትለያዩን።

የሸዋ በሩ፦ እርስዎ ካሉ እሺ ጋሽዬ። ይቅርታ እህቴ፣ ተናድጄ ነው።

ኮምቦልቻዋ፦ አብሽር። ግን ቱታው ላይ ምንም እንዳይጻፍ።

ገንዘብ ያዥዋ፦ ምንም ካልተጻፈበት ለምን እንገዛለን? ቱታው ይቅር። ሚኒባሱን በነጻ አመጣለሁ ያለውስ ሰው የት ገባ? ስልክ አያነሳም። መዋጮም የከፈለው ሰባት ሰው ነው።

የቦርከናው፦ ብር ከሌለ የጎዳና ሩጫ እናዘጋጅ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቲሸርት እንሸጣለን።

አሰልጣኙ፦ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል? አስፋልት ላይ? ጉልበታቸውን ጨርሰን ምን ልንልክ ነው! ከባድ መኪናውስ?

ኮምቦልቻዋ፦ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ 5 ኪሎ ሜትር ይሁን። መንገዱ ለጥ ያለ ነው።

የሸዋ በሩ፦ ደሴ ካልተነሳ እኔ የለሁበትም።

ጸሐፊው፦ በቃ፣ በአንድ ቀን ሁለቱም ቦታ ይሁን። ጠዋት ደሴ ከፒያሳ፣ ከሰዓት ኮምቦልቻ። ለአዋቂዎች ብቻ። ረቂቁን አስተካክያለሁ። የልጆቹ ዝግጅት ከሩጫው በኋላ ይታያል።

አሰልጣኙ፦ የክልሉ ምርጫ የእኛን ሩጫ አይጠብቅም። ቢያንስ የልጅቷን ጫማ አሁን ግዙ።

ገንዘብ ያዥዋ፦ የገባው ብር ለቲሸርትና ለባነር ቀብድ ይሄዳል። ትርፍ ከተገኘ ጫማ ይገዛበታል። ያልከፈላችሁ እስከ ዓርብ አስገቡ።