መሶቡ 4 ኪሎ፣ ሒሳቡ የ30 ኪሎ?

የአራዳዋ፦
ከጎንደር ወደ አሜሪካ መሶብ በፈጣን መልእክት ልልክ ነው። ከነካርቶኑ 4 ኪሎ ነው፤ ካርቶኑ 50 በ50፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ። የምትከፍይው በ30 ኪሎ ነው አሉኝ። ሚዛኑ ነው የተበላሸው ወይስ እየተጫወቱብኝ ነው?

አዘዞ፦
ሚዛኑ ደህና ነው እህቴ። ጭነት ክብደት ብቻ ሳይሆን ቦታም ስለሚይዝ ሁለቱን አስልተው የሚበልጠውን ያስከፍላሉ። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመቱን በሴንቲ አባዝተሽ ለ5000 አካፍይ፦ 150,000 ለ5000፣ 30 ኪሎ። ዲኤችኤልም ፌዴክስም ዓለም አቀፍ ፈጣን ጭነት የሚያስሉት እንዲህ ነው። ተራ የአየር ካርጎ አብዛኛውን ጊዜ ለ6000 ስለሚያካፍል ያው ካርቶን 25 ኪሎ ይሆናል። ካልቸኮልሽ እሱንም ጠይቂ።

አሁን ካርቶኑን ክፈቺና ከመሶቡ ክዳን በላይ ስንት ሴንቲ ባዶ እንዳለ ለኪ። በዚህ ካርቶን 10 ሴንቲ ቁመት ማለት 5 ኪሎ ነው! 3 ሴንቲ ለመጠቅለያ ተዪና ከዚያ በላይ ያለውን አሳጥሪ፦ አራቱን ማዕዘን ወደታች ሰንጥቂ፣ መታጠፊያውን በማስመሪያ ጫን ብለሽ አስምሪ፣ እጠፊና በፕላስተር አሽጊ። ክዳኑ ተገልብጦ ወደ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ከሆነማ ቁመቱ 40 ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ 20 ኪሎ ነው።

ፒያሳ፦
አዘዞ ያለው ልክ ነው፤ ግን የመሶቡን ሆድ ረሳው። በ20 ኪሎ ከተከፈለ የ4 ኪሎ ዕቃ ብቻ መላክ ኪሳራ ነው። 16 ኪሎ ያህል ያለ ጭማሪ ይገባል ማለት ነው። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ቀሚስ ጠቅልለሽ ሙዪው፤ ስፌቱም እንዳይጨፈለቅ ከውስጥ ይደግፈዋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ካርቶኑ እንዳይነፋ። የሚለካው የወጣ የወጣው ላይ ነው፤ ለዚያውም ውጤቱ ወደ ላይ ነው የሚጠጋጋው። የመጀመሪያው ካርቶን ጎኑ 2 ሴንቲ ቢነፋ 30 የነበረው 31.2 ይሆናል።

የአራዳዋ፦
ጋቢውን በሌላ ካርቶን ለብቻው ልልክ ነበር እኮ!

ፒያሳ፦
ተዪው። 40 በ30 በ30 ካርቶን ብቻውን 7.2 ኪሎ ይቆጠራል። በርበሬ ካለሽ ግን ከጋቢው ጋር አታድርጊ፤ ሽታው አይለቅም።