ከሁለት ሞኒተሮች የትኛውን ልምረጥ? ቀን ለጽሑፍ ሥራ፣ ማታ ለፊልምና ለጨዋታ

የማታ አንባቢ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት የሠራሁበት ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ከአንድ ጥጉ መጨለም ስለጀመረ በሌላ ልተካው አስቤ፣ ብዙ ካነበብኩ በኋላ ምርጫዬን ወደ ሁለት አጥብቤአለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሳምንት ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ መወሰን አቅቶኛል። የመጀመሪያው 27 ኢንች ሆኖ 4ኬ፣ ማለትም 3840 በ2160 ፒክሰል ያለው፣ ፓነሉ (ምስል የሚታይበት ገጽ) አይፒኤስ የተባለው ዓይነት የሆነና ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ የሚያድስ ነው። ሁለተኛው 32 ኢንች፣ 2560 በ1440 ፒክሰል፣ ጎበጥ ያለና ቪኤ የተባለው ሌላ ዓይነት ፓነል ሲሆን ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ ያድሳል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ገንዘቡ አይወስንልኝም።

አጠቃቀሜ የተደበላለቀ ነው። ቀን ቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት ያህል ሰነድ ስጽፍና ረጃጅም የኤክሴል ሠንጠረዦችን ሳገላብጥ እውላለሁ፤ ከጽሑፉም ግማሽ ያህሉ አማርኛ ነው። ማታ መብራት አጥፍቼ ፊልም አያለሁ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ደግሞ ከልጄ ጋር የመኪና ውድድር እጫወታለሁ። ከስክሪኑ የምቀመጠው 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቄ ነው፤ በሜትር ለክቼዋለሁ። ኮምፒውተሬ ስድስት ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። «ዋናው ፒክሰል ነው» የሚለኝም «ዋናው ፍጥነት ነው» የሚለኝም ስላለ፣ ለእኔ ዓይነቱ ተጠቃሚ የትኛው እንደሚሻል ከነምክንያቱ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ፊደል ለቃሚ

ቀኑን ሙሉ ሲያነቡና ሲጽፉ የሚውሉ ከሆነ፣ በእኔ እምነት መታየት ያለበት ስክሪኑ በጠቅላላው ስንት ፒክሰል አለው የሚለው ሳይሆን ፒክሰሎቹ ምን ያህል ተጠጋግተው ተደርድረዋል የሚለው ነው። የመጀመሪያው ሞኒተር በአንድ ኢንች 163 ፒክሰል ያህል ሲደረድር፣ ሁለተኛው በቁጥር ያነሱትን ፒክሰሎች በሰፊ ገጽ ላይ ስለሚዘረጋቸው 92 ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። አሮጌው ባለ 24 ኢንች ሞኒተርዎ እንደ አብዛኞቹ 1920 በ1080 ከሆነ የእርሱም ቁጥር ያው 92 ነው። ስለዚህ 32 ኢንቹን ቢገዙ የሥራ ገጹ ይሰፋልዎታል እንጂ ፊደሉ ዛሬ ከሚያዩት የበለጠ አይጠራልዎትም።

ርቀቱን መለካትዎ ደግ አድርገዋል። ጤናማ ዓይን ለይቶ ያያል የሚባለው ትንሹ ማዕዘን የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ሲሆን፣ ይህ በ65 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲሰላ 0.19 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። የ4ኬው አንድ ፒክሰል 0.16 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ከዚህ ወሰን በታች ነው፤ የ32 ኢንቹ ግን ወደ 0.28 ስለሚጠጋ የፊደሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ተሰነጣጥቆ ሊታይዎት ይችላል።

ይህ ነገር በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ይበልጥ ይሰማል። «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለየው እግሩ ሥር ያለች ጭረት ወይም ቀለበት ናት፤ «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የሚለየውም አናቱ ላይ ያለ ትንሽ ነገር ነው። በተለመደው የዊንዶውስ አሠራር ባለ 10 ነጥብ ፊደል ለጠቅላላ ቁመቱ የሚደርሰው 13 ፒክሰል ገደማ ስለሆነ፣ ኒያላን በመሰለ ቀጫጭን ጭረት ባለው ፎንት ሲጻፍ ቀለበቷ ጠፍታ አንድ ነጠብጣብ ብቻ ትቀራለች። 4ኬው ላይ ስኬሊንጉን (ፊደልና ምስል የሚጎላበትን ቅንብር) 150 በመቶ ሲያደርጉት ያው ፊደል 20 ፒክሰል ያገኛል። በዚህ ልክ የሥራ ገጹም ከ2560 በ1440 ጋር እኩል ስለሚሆን፣ በሠንጠረዡ ላይ የሚያዩት የረድፍ ብዛት ከ32 ኢንቹ አያንስም።

ገመድ ፈታሽ

ከላይ የተባለው ትክክል ቢሆንም በቅደም ተከተሉ አልስማማም፤ ከፓነሉ በፊት ላፕቶፑ ይጠየቅ። 4ኬ 8.3 ሚሊዮን ያህል ፒክሰል ሲይዝ 2560 በ1440 የሚይዘው 3.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ይህ ሁሉ በሰከንድ 60 ጊዜ በአንድ ገመድ ማለፍ አለበት። በ2009 የወጣው የምስል ገመድና መሰኪያ ደረጃ፣ ኤችዲኤምአይ 1.4፣ 4ኬን ማሳለፍ የሚችለው በ30 ሄርዝ (በሰከንድ 30 ጊዜ) ብቻ ነው፤ 60 ለማግኘት በ2013 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.0 ያስፈልጋል። በእርስዎ ላፕቶፕ ዕድሜ ካሉት መካከል አሁንም በ1.4 የቀሩ ጥቂቶች አይደሉም።

ይህንን የማውቀው ተቀጥቼበት ነው። የመጀመሪያውን 4ኬ ሞኒተር የገዛሁ ዕለት የማውሱ ጠቋሚ ከእጄ ኋላ ኋላ እየተጎተተ፣ ገጽ ባወረድኩ ቁጥር ጽሑፉ እየዘለለ፣ ዕቃው የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ቀን ስበሳጭ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን የዲስፕሌይ ቅንብሩን ከፍቼ ባየው ቁጥሩ 30 ይላል። ሞኒተሩ ምንም አልነበረበትም፤ በላፕቶፑ ሌላ ጎን ያለውን የዩኤስቢ ሲ መሰኪያ ስጠቀም በአንዴ ተስተካከለ።

ነገር ግን መሰኪያው የዩኤስቢ ሲ ቅርጽ ስላለው ብቻ ምስል ያወጣል ማለት አይደለም፤ የዲስፕሌይፖርት (ከኤችዲኤምአይ ሌላ የሆነ የምስል ማስተላለፊያ ደረጃ) ምልክት የሚያሳልፍ መሆኑን ከአምራቹ የቴክኒክ መግለጫ ላይ ማረጋገጥ ይገባል። ሁለተኛውን ሞኒተር ቢመርጡም ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም፤ 2560 በ1440 በ144 ሄርዝ እንዲሠራ ወይ ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይ ዲስፕሌይፖርት 1.2 ግድ ነው። ደግሞም ላፕቶፑ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ከሌለው የመኪናው ጨዋታ በሰከንድ 144 ምስል አይሠራልዎትም፤ ያልተሠራ ምስል ደግሞ ሞኒተሩ ከየትም አያመጣውም።

ጨለማ ወዳጅ

ሁለቱም ስለ ቀኑ ሲናገሩ ማታው ተረሳ። ጠያቂው መብራት አጥፍቼ ፊልም አያለሁ ብለዋል። በተለመደው የአይፒኤስ ፓነል ላይ ነጩ ከጥቁሩ 1,000 ጊዜ ያህል ሲደምቅ፣ በቪኤ ፓነል ላይ ይህ ቁጥር 3,000 አካባቢ ነው። በቀን ብርሃን ብዙም የማይታወቅ ልዩነት ነው፤ በጨለማ ክፍል ግን በአይፒኤሱ ላይ የሌሊቱ ሰማይ ግራጫ ይሆናል፣ ጥጎቹም ይፈካሉ። የስክሪኑ ስፋትም ቢሆን 60 ሴንቲ ሜትርና 71 ሴንቲ ሜትር ለፊልም አንድ አይደሉም።

ፍጥነቱም ለጨዋታ ብቻ የሚታሰብ መሆን የለበትም። በ60 ሄርዝ አዲስ ምስል የሚመጣው በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ሲሆን በ144 በየ6.9 ነው። ረጅም ሠንጠረዥ ወደ ታች ሲያወርዱ በእንቅስቃሴ ላይ እያለ ቁጥሩን ማንበብ የሚቻልበት ሁኔታ አለ፤ አንዴ የለመደው ሰው ወደ 60 ሲመለስ ይከፋዋል። ሠንጠረዥ ለማውረድ ደግሞ ለጨዋታ የሚሆን ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም፣ መሰኪያው ከፈቀደ ይበቃል።

በሌላ በኩል ቪኤ ያለ ነውር አይደለም። ጨለም ያሉ ቀለሞችን የሚቀይረው በዝግታ ስለሆነ፣ በሌሊት መንገድ ላይ የሚሮጥ መኪና ከኋላው ጥቁር ጥላ የሚጎትት ይመስላል። ከጎን ሲታይም ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ልጅዎ አጠገብዎ ተቀምጦ የሚጫወት ከሆነ ይህንን አስቀድመው ያስቡበት። በካርቶኑ ላይ «ዲስፕሌይ ኤችዲአር 400» የሚል ምልክት ቢያዩ ደግሞ ከውሳኔዎ ውስጥ አያስገቡት፤ ምልክቱ ድምቀቱ 400 ኒት (የድምቀት መለኪያ) እንዲደርስ ይጠይቃል እንጂ የጀርባ መብራቱ በየክፍሉ ተለይቶ እንዲደበዝዝ አያስገድድም፣ ለጨለማ ፊልም የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ነበር።

ባለ መነጽር

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። 4ኬው በ150 በመቶ ከ32 ኢንቹ ጋር እኩል የሥራ ገጽ ይሰጣል የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያው ገጽ በ27 ኢንች ውስጥ ስለሚታጨቅ ፊደሉ በአካል ሲለካ በ16 በመቶ ያህል ያንሳል። የጠራ ትንሽ ፊደልና የደበዘዘ ትልቅ ፊደል ለእንደኔ ዓይነቱ ዓይን ምርጫቸው ቀላል አይደለም። እኔ 175 በመቶ ላይ አድርጌ ነው የምሠራው። ስኬሊንግን የማያውቁ አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራሞች እንደሚደበዝዙም ይወቁ። የሚችሉ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን ሰነድ ከፍተው ይሞክሩት።

የማታ አንባቢ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት የላፕቶፔን መግለጫ ፈልጌ አየሁ፤ የኤችዲኤምአይ መሰኪያው 1.4 ሲሆን፣ የዩኤስቢ ሲው ግን ዲስፕሌይፖርትን ያሳልፋል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የለውም። አሮጌው ሞኒተርም እንደተገመተው 1920 በ1080 ነው። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ 4ኬውን ብወስድ ጨዋታው ጭራሽ የማይሠራ ይሆናል?

ገመድ ፈታሽ

አይሆንም። ከጨዋታው ቅንብር ውስጥ ሪዞሉሽኑን (የፒክሰል ብዛቱን) ወደ 1920 በ1080 ዝቅ ያድርጉት፤ ላፕቶፑ የሚሠራው እስካሁን ይሠራው የነበረውን ያህል ብቻ ይሆናል። 3840 የ1920 ትክክለኛ እጥፍ ስለሆነ ምስሉ ወደ ሙሉ ስክሪን ሲዘረጋ ማባዣው ሙሉ ቁጥር ነው። ይህንኑ በ2560ው ሞኒተር ላይ ቢያደርጉት አንዱ ፒክሰል በአንድ ከሲሶ ላይ መዘርጋት ስላለበት ይበልጥ ይደበዝዛል። ለዴስክቶፑ ግን 4ኬውን እንዳለ ይተዉት።

የማታ አንባቢ

ትናንት ላፕቶፔን ይዤ ሄጄ በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ባለ 27 ኢንች 4ኬ ሞኒተር ላይ በዩኤስቢ ሲ ሰካሁት፤ ቅንብሩ 60 ይላል። በ150 በመቶ የአማርኛ ሰነዴን ስከፍት «ቢ» እና «ቤ» ሳላፈጥ ተለዩልኝ፣ ነገር ግን ባለ መነጽር እንዳሉት ፊደሉ ትንሽ አነሰኝ። 175 ላይ ሲሆን ተመቸኝ፤ የሚቀረው የሥራ ገጽ 2194 በ1234 ያህል ስለሆነ ከአሮጌው ሞኒተሬ አሁንም ይሰፋል። ከዕለቱ ሰባቱን ሰዓት የምውልበት ጽሑፍ ስለሆነ የመጀመሪያውን አዝዣለሁ። ጨለማ ወዳጅ ስለ ፊልሙ ያሉትን ግን አልረሳሁትም፤ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ እንዳይታየኝ ከሞኒተሩ ጀርባ ግድግዳውን የምታበራ ደብዛዛ መብራት አኖራለሁ። ሞኒተሩ እንደደረሰም የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ በጨለማ ክፍል ሙሉ ጥቁር ምስል ከፍቼ ጥጎቹን አያለሁ። ልጄ «ትልቁን» ነበር የፈለገው፣ እስካሁን አኩርፏል።