ካካዋን በደብረ ብርሃን ቤት ውስጥ ማብቀል ይቻላልን?

ጥያቄ፦ የጠባሴው

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ የቸኮላት መሠረት የሆነውን ካካዋን በቤቴ ለማብቀል ቆርጬ ተነሥቻለሁ። አዲስ አበባ ለምግብነት ከሚሸጥበት ሱቅ ያልተቆላ የካካዋ ፍሬ ገዝቼ፣ 12ቱን አንድ ሌሊት ዘፍዝፌ ካሳደርሁ በኋላ አፈርና የበሰበሰ ፍግ በሞላሁበት የችግኝ ላስቲክ ዘራኋቸው። በሁለተኛው ወር አፈሩን ብገልጠው አንዱም ሳይበቅል ሁሉም ሻግተዋል። ጥፋቱ የዘሩ ነው ወይስ የአገራችን ብርድ? የባለቤቴ ወላጆች ሸዋ ሮቢት በመስኖ የሚያለሙት ጓሮ ስላላቸው፣ እዚያ ቢተከል ይሻል እንደሆነም ምክራችሁን እለምናለሁ።

መልስ፦ አትክልተኛዋ

ወንድሜ፣ የዘሯቸው ፍሬዎች ወደ አፈር የገቡት ከሞቱ በኋላ ስለሆነ ብርዱን አይውቀሱት። የካካዋ ፍሬ ለገበያ ሲዘጋጅ ከነጭ ልጋጉ ጋር ተከምሮ ለብዙ ቀናት ይብላላል። በዚያ ጊዜ ክምሩ እስከ 45 እና 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ የሚፈጠረው አሲድና ሙቀት ተባብረው ጽንሱን ይገድሉታል፤ የቸኮላቱ ጣዕም የሚወለደውም ከዚሁ ሞት ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እኛ ገብስና ስንዴን በጎተራ አቆይተን ለከርሞ መዝራት ስለለመድን ደረቅ ዘር ሁሉ ሕይወት ያለው ይመስለናል፤ ካካዋ ግን እንደ ማንጎና እንደ አቮካዶ ፍሬ ነው፤ ከደረቀ አበቃለት። ከቅርፊቱ የወጣ ዘር የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥም ይገድለዋል። የሚበቅለው ካልተከፈተ የበሰለ ፍሬ ወጥቶ፣ ልጋጉ ታጥቦ፣ ወዲያውኑ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ተቀብሮ በሙቅ ስፍራ የተቀመጠ ዘር ሲሆን፣ እንዲህ ከሆነ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ይበቅላል።

እንዲህ ያለውን ፍሬ ከውጭ አገር የሚያመጣልዎ ሰው ቢኖር፣ አስቀድሞ የዕፅዋት ኳራንቲን ፈቃድ ያውጣ። በምዕራብ አፍሪካ ካካዋን የሚያጠፋ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ስላለ ይህን ጉዳይ ቀላል አድርገው አይዩት።

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት

እኅታችን ስለ ዘሩ የጻፈችው ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ቦታው ልጨምር። ካካዋ የላይኛው አማዞን ደን ተወላጅ ሲሆን፣ በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር፣ በሙቀትና በእርጥበት መካከል የሚኖር ነው። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይጎዳል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር አመዳይ ሣሩን አንጥፎ በሚያድርባት ከተማ ደጅ ላይ የተተከለ ካካዋ አንድ በጋ አይዘልቅም። ቤት ውስጥ በማሰሮ ቢያሳድጉትም ቀን በመስኮት የሚገባው ፀሐይ አያታልልዎት፤ የሚወስነው የሌሊቱ ብርድና የበጋው ደረቅ አየር ነው። ቅጠሉን ለማየት ከሆነ ይሞክሩት፤ ፍሬ ግን አይጠብቁ።

ወደ እኛ ሲመጡ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፈው ደብረ ሲናን ወርደው፣ ከፍታው 1,300 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ሙዝ፣ ፓፓያና ማንጎ በሚያፈራበት በዚህ አገር የሙቀት ችግር የለም። የሚጎድለን ውኃና እርጥበት ነው። ካካዋ በዓመት ከ1,500 እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ዝናብ ይወዳል፤ የእኛ ዝናብ ግን በአብዛኛው ክረምት ላይ የሚወርድ ስለሆነ በጋውን በሙሉ በመስኖ ማጠጣት የግድ ነው፤ ውኃው ግን እንዳይተኛበት መጠንቀቅ ያሻል። መጀመሪያ ሙዝ ይትከሉ፤ ከዓመት በኋላ ችግኙን በሙዙ ጥላ ውስጥ ያስገቡት፤ ንፋስ የሚገባበትንም ወገን ይከልሉ።

ሙዙ ሌላም ጥቅም አለው። የካካዋ አበባ የሚወጣው ከግንዱና ከወፍራም ቅርንጫፉ ላይ ሲሆን፣ የአበባውን ብናኝ የሚያመላልሱት ንብ ሳይሆኑ እጅግ ጥቃቅን ትንኞች ናቸው፤ እነርሱም በሚበሰብስ የሙዝ ግንድና በረገፈ ቅጠል ውስጥ ይራባሉ። ስለዚህ የተቆረጠውን የሙዝ ግንድ አውጥተው አይጣሉት፤ እዚያው ይበስብስ። ብዙዎቹ ዝርያዎች ራሳቸውን ስለማያዳቅሉም ቢያንስ ሦስት አራት ዛፍ በአንድነት ይተክሉ።

የጠያቂው ምላሽ፦ የጠባሴው

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሻጋታውን ከብርዱ ጋር አያይዤ ዓመት ሙሉ የተሳሳተ ነገር ሳስብ ኖሬአለሁ። እንግዲህ ዘሩን ከመፈለግ በፊት አማቶቼ ጓሮ ሙዝ አስተክላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ፍሬ ለማየት ስንት ዓመት መታገሥ ይኖርብኛል?

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት

ከተተከለ በኋላ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። አበባው ፍሬ ከቋጠረ በኋላም ለመብሰል 5 ወይም 6 ወር ይፈጃል። ሙዙን ሊያስተክሉ ሲመጡ በመስኖው ቦይ ዳር ያለውን ዝቅተኛ መሬት ይተዉት፤ ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል።