ጎንደር ቤት ልከራይ ነው፤ ለሥዕልና ለተራራ ምን ልይ?

ጥያቄ፦ በዘይት ቀለም የምሠራ ሠዓሊ ነኝ። ከአዲስ አበባ ወጥቼ አንድ ዓመት ጎንደር መኖር እፈልጋለሁ፤ አዘቦቱን ሥዕል፣ ቅዳሜና እሁድን ተራራ። ቤት ስመርጥ ምን ልጠይቅ? የሰሜን ተራሮችስ በሁለት ቀን ይሆናሉ?

ባለሮቶ፦ እህቴ፣ ከኪራዩ በፊት ውኃውን ጠይቂ። «ውኃ አለ?» ካልሽ አከራዩ «አለ» ነው የሚልሽ። «በስንት ቀን አንዴ ይመጣል? ሮቶው ስንት ሊትር ነው? ከስንት ሰው ጋር ነው የምካፈለው?» በይ። በቀን 40 ሊትር የምትጠቀሚ ከሆነና ውኃው በ10 ቀን አንዴ ከመጣ 400 ሊትር ያስፈልግሻል። ባለ 500 ሊትር ሮቶ ለአንቺ ብቻ ይበቃል፤ ለሦስት ተከራይ ግን በአምስተኛው ቀን ጠዋት ባዶ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ከሆነ ግፊት ስለሌለው ቧንቧው አይወርድም፣ በጀሪካን መቅዳት ነው።

ሸራና ቀለም፦ የሠዓሊ መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን ይባላል። ጎንደር ላይ ይህ ዓመቱን ሙሉ አያስኬድም። ከተማው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ቀትር ላይ የጣሪያው ክፈፍ ይከልልሻል፤ ጠዋትና ማታ ግን ጨረሩ ዘቅዘቅ ብሎ ሸራሽ ላይ ያርፋል። ነጭ አቡጀዲ ጋርጂበት፣ ብርሃኑን ይበትነዋል።

የጭቃ ቤት ከሆነ ክረምት ላይ ግድግዳው እርጥበት ይይዛል። ሸራ ካስጠጋሽበት ጀርባው ይሻግታል፤ ሁለት ጣት የሚወፍር ጣውላ መሐል አስገብተሽ አየር ይለፍ። ሐምሌና ነሐሴ ዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ሥሩ ሳይደርቅ ከደረብሽበት ላዩ በኋላ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የታችኛውን ቅብ ቀጭንና ዘይቱ ያነሰ አድርጊው።

ለትምህርት ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለልሽ፣ ከፒያሳ በእግር ይደረሳል። ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች አንድ በአንድ በእርሳስ አውጪ፤ የሚያምር ትምህርት ቤት ነው።

የደባርቅ መንገድ፦ ሁለት ቀን ይበቃል፣ ግን ፓርኩ ውስጥ ካለው የሳንቃበር ካምፕ አትለፊ። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ሳንቃበር 3,250፣ ከእሱ የሚቀጥለው የግጭ ካምፕ 3,600 ይደርሳል። የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ዓርብ ሄደሽ እዚያ እደሪ፣ ሰውነትሽ ከፍታውን ይልመድ። ቅዳሜ ጠዋት ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከፍለሽ ጠባቂ ይመደብልሻል፣ ያለ እሱ አይገባም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረሽ መውጣቱን አቁሚ፤ ካልተወሽ ውረጂ። ከመነሳትሽ በፊት በዚያው ቀን ደባርቅ ደውለሽ የመንገዱን ሰላም አጣሪ። ዘይት ቀለሙን ቤት ተዪው፤ በብርድ ይጠጥራል፣ እርጥብ ሸራም መኪና ላይ ይበላሻል። እርሳስና የውኃ ቀለም ያዢ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዘዞ ቤት አግኝቻለሁ፣ ይሻላል?

የደባርቅ መንገድ፦ ለአየር ማረፊያው ይቀርባል። ለደባርቅ ግን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ስላለብሽ ዓርብ ዓርብ ይሰለችሻል። ከፒያሳ በላይ ፈልጊ።