አስቸኳይ፦ እህቴ የእንሽርት ውሃዋ ፈሷል፣ አምቡላንስ የለም፤ ቤት ትውለድ ወይስ ትውጣ?

ጠያቂው፣ ጠዋት 1:10
ወገኖች፣ በማርያም ፈጥናችሁ መልሱልኝ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ እህቴ ገጠር ናት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ውሃዋ ፈሰሰ። አምቡላንሱ ጋራዥ ገብቷል አሉን። አማቷ «እኔ ሰባቱንም እዚሁ ጎጆ ነው የወለድኩት፣ የትም አትሄድም» ብለዋል። ባሏ መሃል ቆሟል። ምን ልበላቸው?

ሾፌሩ፣ 1:14
አምቡላንስ ጋራዥ ገባ ከተባለ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ አይወጣም። አትጠብቁት።

ቸኩሎ አንባቢ፣ 1:15
አምቡላንስ ጥሩ። 907 ደውል።

ሾፌሩ፣ 1:16
አላነበብክም እንዴ ጌታው? መኪናው የለም ነው የሚለው።

መምህሩ፣ 1:22
ይሄ የግንዛቤ ችግር ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ጤና ተቋም የወለዱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2011 ደግሞ 10 በመቶ። በ2019 ነው 48 የደረሰው። እህትህም ክረምት ሳይገባ ወደ እናቶች ማቆያ መሄድ ነበረባት። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ቀኗን ትጠብቅ ነበር። ለዚህ ነው የተሠራው።

ሾፌሩ፣ 1:24
መምህር፣ ፐርሰንት ቃሬዛ አይሸከምም።

አዋላጅ ነርስ፣ 1:27
ጠያቂ፣ ዋናውን ትተኸዋል። የት ናት? ስንት ወሯ ነው? ስንተኛ ልጇ? ውሃው ምን ይመስላል? ልጁ ይንቀሳቀሳል?

ጠያቂው፣ 1:33
ሰሜን ወሎ፣ ቆላው ላይ ናት። ዘጠነኛ ወሯ ነው። ውሃው ንፁህ ነው፣ ልጁም ይንቀሳቀሳል። ምጡ ገና አልጠናም። ሁለተኛዋ ነው። የመጀመሪያዋ ሁለት ቀን አምጣ ሞቶ ነው የተወለደው። መኪና እስከሚገኝበት በእግር 3 ሰዓት ነው፣ ወንዝም አለ።

አዋላጅ ነርስ፣ 1:35
ይህን ነው መጀመሪያ የሚነግሩት! ሁለት ቀን አምጣ ልጇ የሞተባት እናት ቤት አትወልድም። ልጁ አላልፍ ካለ ጤና ጣቢያም አይበቃት ይሆናል፣ በኦፕሬሽን የሚያዋልድ ሆስፒታል ያስፈልጋታል። ምጡ ሳይጠና ይነሱ። ጤና ጣቢያ ተረኛዋን አዋላጅ ደውሉላት፣ የሌላ ወረዳ አምቡላንስ እሷ ታስጠራለች። ቀበሌ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ቀስቅሷት፣ አብራ ትሂድ። ውሃዋ ስለፈሰሰ ማንም እጁን እንዳያስገባ። ከተኛች በግራ ጎኗ።

የአራት ልጆች እናት፣ 1:41
አዋላጇ ያለችው ልክ ነው። ጥያቄህ ግን ያናድዳል። አማቷ እንዲህ አሉ፣ ባሏ መሃል ቆመ፤ እህትህስ ምን አለች? ጠይቃችኋታል? እኔ ሦስተኛዬን ጤና ጣቢያ ስወልድ ተማሪዎች ከበው አዩኝ። እናቴን በር ላይ አስቀሩብኝ። «ማርያም ማርያም» የሚልልኝ አጣሁ። ተናድጄ አራተኛዬን ቤት ወለድኩ። እንግዴ ልጁ አልወጣ አለ፣ ደሜ ፈሶ አለቀ፣ በሰው ደም ነው የተረፍኩት። ስለዚህ አማትየውን «አላዋቂ» እንዳትሏቸው። «እማማ፣ ያለ እርስዎ አትሄድም» በሏቸው። የገንፎውን ዱቄት ይያዙና አብረው ይውጡ።

ወሎዬው፣ 1:46
ለቅሬው፣ ለእድሩ ማለቴ ነው፣ ዳኛ ንገሩት። ለቀብር የሚወጣ ሰው ለወላድ አይቀርም። ጥሩምባ ግን እንዳታስነፉ፣ ሰው የሞተ መስሎት እያለቀሰ ይመጣል። ልጆች በየቤቱ ላኩ። 16 ጎልማሳ ይበቃል፣ ቃሬዛውን አራት አራት እየሆኑ ይፈራረቁበታል። ወንዙን ከቀትር በፊት ይሻገሩ! ደጋው ላይ ዝናብ የሚጥለው ከሰዓት ነው፣ ከዚያ በኋላ ውሃው አያሳልፍም።

ቸኩሎ አንባቢ፣ 1:48
በበቅሎ ቢወስዷትስ?

ወሎዬው፣ 1:49
በዚያ ቁልቁለት? አንተ ሞክረው።

አዋላጅ ነርስ፣ 1:55
መንገድ ላይ ምጡ ቢመጣስ፦ አዲስ ምላጭ፣ የተቀቀለ ክር፣ ንፁህ ጨርቅ ይያዙ። ልጁ እንደወጣ በጨርቅ አድርቁት፣ ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ አድርጋችሁ ሁለቱንም ሸፍኑ። በውሃ አትጠቡት። እትብቱ ላይ ቅቤም እበትም እንዳይቀባ። እንግዴ ልጁን አትጎትቱ። የኤክስቴንሽኗ ልጅ ደም የሚያቆም ኪኒን ካላት፣ የሚሰጠው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው፤ መንታ አለመኖሩንም ታረጋግጥ። ከመወለዱ በፊት በፍጹም! እትብት ወይም እጅ ቀድሞ ከታየ አንድ ደቂቃ አትቁሙ። የክትትል ካርዷን አትርሱ።

መምህሩ፣ 2:02
የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ መሆኑንም ንገራቸው። ብዙ ሰው ገንዘብ ፈርቶ ነው የሚቀረው።

ሾፌሩ፣ 2:03
አሁን ገና መምህር ሆንክ። የመልሱ ትራንስፖርት ግን ነፃ አይደለም፣ ጠያቂ ብር ላክላቸው።

ጠያቂው፣ 2:31
አገኘኋቸው። እሷን ራሷን አናገርኳት። «ከሌሊት ጀምሮ ውሰዱኝ እያልኩ ነው» አለችኝ። ማንም አልሰማትም። አማቷ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ገንፎው ሲነሳ ዝም አሉ፣ አሁን ዱቄት እየሰፈሩ ነው። 11 ሰው ተገኝቷል። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ እስከ ወንዙ ማዶ መኪና ልልክ እሞክራለሁ ብላለች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ

ወሎዬው፣ 2:33
11 ይበቃል። ይነሱ ብቻ።

አዋላጅ ነርስ፣ ቀን 7:20
ወንዙን ተሻገሩ?

የአራት ልጆች እናት፣ ማታ 2:05
ወንድሜ፣ አንዲት ቃል ጻፍልን።

ሾፌሩ፣ በማግስቱ ጠዋት 12:40
እዚህ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ነው ያደረው። እዚያስ እንዴት አደረ? ስልክህን እየሞከርክ ነው?